እከኩ የተመለሰው መድኃኒቱ ደክሞ አይደለም

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ከሁለት ወር በላይ ሆነው በጣቶቹ መሃል ሽፍታ ወጥቶበታል። ሌሊት እያለቀሰ ያክካል። መጀመሪያ አለርጂ ነው ተብሎ የስቴሮይድ ቅባት ተሰጠው። ትንሽ ታገሰለትና መልሶ ባሰበት። በኋላ እከክ ነው ተባለና ፐርሜትሪን ታዘዘለት። ሽፍታው ያለበት ቦታ ላይ ቀባሁት፤ ሻል አለው፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ተመለሰ። አሁን እኔንም ማታ ማታ ያሳክከኛል። የ7 ወር ልጄም የእግሯ መዳፍ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶባታል። ባለቤቴ ምንም ስለማያሳክከው መድኃኒት አልቀባም ብሏል። ቤቴን በየቀኑ አጸዳለሁ፤ ልጆቼንም በየቀኑ አጥባለሁ፤ አንሶላ መቀቀል ሰልችቶኛል። ጎረቤቴ ነጭ ጋዝ ቀቢያቸው ትለኛለች። ምን አጥፍቼ ነው?

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ንጽህና አልጎደለዎትም። እከክ የቆሻሻ በሽታ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚታጠብ ሰውም ይይዘዋል፤ ቆዳ ውስጥ የገባችን ተባይ ሳሙናና ውሃ አያወጣትም። ስለዚህ ራስዎን መውቀስ ይተዉ። ልጁንም በሙቅ ውሃ መፈተግ ይተዉ። ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ማሳከኩን ያባብሰዋል እንጂ የሚፈይደው ነገር የለም።

መድኃኒቱም ደካማ ሆኖ አይደለም። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው። የተቀባው ሽፍታው ላይ ብቻ ነው። የተቀባውም ልጁ ብቻ ነው። እከክ አንድ ሰው ላይ ቢታይም የቤት በሽታ ነው፤ የሚታከመውም ቤቱ በሙሉ ነው።

እከክን የምታመጣው ስምንት እግር ያላት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ተባይ ናት። እንስቷ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን እየቦረቦረች ትገባና እዚያው ቦይ ሠርታ ትኖራለች። ዕድሜዋ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው። በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ በ3 ወይም በ4 ቀን ይፈለፈላሉ፤ የተፈለፈሉት ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ አድገው ራሳቸው መጣል ይጀምራሉ። እነዚህን ቁጥሮች ልብ ይበሉልኝ። መድኃኒቱ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚቀባ ስናይ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። መላ ሰውነቱ በሽፍታ የተሞላ ሰው ላይ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ያሉት ተባዮች ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው። ያ ሁሉ ሽፍታ ታዲያ ከየት መጣ? ንክሻ አይደለም። ሰውነት በተባይዋ፣ በእንቁላሏና በኩሷ ላይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው። ስለዚህ ሽፍታው ያለበት ቦታና ተባይዋ ያለችበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። እርስዎ ሆዱን ሲቀቡለት እሷ ክርኑ ላይ ወይም ብልቱ አካባቢ ተቀምጣ ይሆናል። በሽፍታ ልክ የሚቀባ ሰው ሁልጊዜም ጥቂቶቹን ያስመልጣል።

የባለቤትዎም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ወዲያው አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ሰውነቱ ቁጣውን እስኪያስነሳ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተባይዋ ቆዳው ውስጥ አለች፤ ወደ ሌላም ሰው ትተላለፋለች። ከዚህ በፊት ይዞት የሚያውቅ ሰው ግን ከ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይሰማዋል። ባለቤትዎ ከእርስዎ ጋር አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ሕፃኗንም ያቅፋሉ። «አላሳከከኝም» ማለት «አልያዘኝም» ማለት አይደለም። ይህን ደብዳቤ ያንብቡላቸው። እሳቸው ካልተቀቡ የእናንተ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ መጀመሪያው ቅባት ትንሽ ልበል፤ በሥራዬ ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ስለሆነ ያሳዝነኛል። የስቴሮይድ ቅባት የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል። ሽፍታው ይደበዝዛል፤ ማሳከኩም ለጥቂት ቀናት ይታገሳል። ተባይዋ ግን አትሞትም። እንዲያውም ምልክቱ ስለተደበቀ በነፃነት ትራባለች፤ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪምም ይሳሳታል። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ማሳከክ ከጀመረው እከክ አለመሆኑ ሳይጣራ ስቴሮይድ አይቀቡ።

እከክ መሆኑን በምን እናውቃለን? እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል ወይ? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ ወይ? ሽፍታው የት የት ነው? የእከክ ተባይ የምትወዳቸው ቦታዎች አሏት፦ የጣቶች መሃል፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ብብት፣ እምብርትና ወገብ አካባቢ፣ መቀመጫ፣ በሴቶች የጡት ጫፍ ዙሪያ፣ በወንዶች ብልት ላይ። አዋቂ ሰው ፊቱና ጭንቅላቱ ላይ ብዙም አይወጣበትም። ሕፃናት ግን ይለያሉ። ጭንቅላታቸው፣ ፊታቸው፣ የእጅና የእግራቸው መዳፍ ላይ ይወጣባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ውሃ ይቋጥራል። ስለ ሕፃኗ እግር የጻፉት ቁልጭ ያለ የእከክ ምልክት ነው።

ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ ቦዩን ማግኘት ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሚረዝም፣ ጠመዝማዛ፣ ግራጫ መሳይ ቀጭን መስመር ነው። የእጅ አንጓና የጣቶች መሃል ላይ ይፈልጉት። የሚጠራጠሩበትን ቦታ በቀለም ቀባ አድርገው በአልኮል ቢያብሱት ቀለሙ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ መስመሩም ይወጣል። ሐኪም በማጉያ መሣሪያ ወይም ቆዳውን በስሱ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ተባይዋን ሊያያት ይችላል። ካልተገኘች ግን የለችም ማለት አይደለም፤ 10 ተባይ መላ ሰውነት ላይ መፈለግ ቀላል ሥራ አይደለም። የትኋን ንክሻና ኤግዚማም እከክ ይመስላሉ። የትኋን ንክሻ ግን ቦይ የለውም፤ አብዛኛውንም ጊዜ የሚወጣው ልብስ ያልሸፈነው ቆዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው። አንድ ቀን ይምረጡ። በዚያ ቀን ማታ ሁላችሁም፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ በአንድ ጊዜ ትቀባላችሁ። ዛሬ ልጁ፣ ነገ እናት፣ ከነገ ወዲያ አባት ከሆነ ተባይዋ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች ትኖራለች።

5 በመቶ የሆነው የፐርሜትሪን ክሬም አሁንም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ገላ ከታጠቡ ቆዳው እስኪቀዘቅዝና በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በሞቀ ቆዳ ላይ ሲቀባ ወደ ሰውነት ውስጥ ይሰርጋል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ላይኛው ቆዳ ላይ እንዲቆይልን ነው። ከዚያ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ አንድም ቦታ ሳይዘሉ ይቀቡ። የጣት መሃል፣ የእግር ጣቶች መሃል፣ እምብርት፣ ብልትና የመቀመጫ መሃል፣ ውስጥ እግር። ጥፍር አስቀድሞ ያጥር፤ ከጥፍር ሥር በለስላሳ ብሩሽ ያስገቡት። ጀርባዎን ሌላ ሰው ይቀባልዎት። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆይ፤ ማለትም ማታ ተቀብቶ ጠዋት መታጠብ ነው። በመሃል እጅዎን ከታጠቡ እጅዎን መልሰው ይቀቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕፃን አጥበው ወይም ዕቃ አጥበው ይረሱታል፤ ተባይዋ በጣም የምትወደው ቦታ ደግሞ እጅ ነው።

መጠኑንም ልንገርዎት። አንድ አዋቂ ሰው መላ ሰውነቱን አንድ ጊዜ ለመቀባት 30 ግራም ያህል ያስፈልገዋል። አንዷን ቲዩብ ለአምስት ሰው አብቃቅተው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አይፈረድባቸውም፤ ማንም አልነገራቸውም። ቲዩቡ ላይ የተጻፈውን ግራም አይተው ለሁለት ዙር የሚበቃችሁን አንድ ላይ ያዘጋጁ። ለሁሉም የሚሆን እስኪሟላ መቆየት ግድ ከሆነ ጥቂት ቀን መቆየት ይሻላል። ግማሽ ቤተሰብ አክሞ ግማሹን መተው ግን ትርፍ የለውም።

ከ7 ቀን በኋላ ይደገማል። ከላይ ያልኳቸው ቁጥሮች የሚያስፈልጉን እዚህ ነው። ከመጀመሪያው ቅባት ያመለጡ እንቁላሎች በ3 ወይም በ4 ቀን ይፈለፈላሉ። በሰባተኛው ቀን ተፈልፍለዋል፤ ግን ገና እንቁላል ለመጣል አልደረሱም። በዚያች ቀዳዳ ገብተን እንጨርሳቸዋለን። «ሻል ብሎኛል» ብሎ ሁለተኛውን ዙር የሚተው ሰው ከወር በኋላ እንደገና ይመጣል። የእርስዎ ልጅም በሦስተኛው ሳምንት ያገረሸበት በከፊል ለዚህ ነው።

ለ7 ወር ሕፃንዎ ፐርሜትሪን ይሆናታል። ከ2 ወር በላይ ለሆኑ ሕፃናት የተፈቀደ ነው። ለእሷ ግን ከአንገት በላይም ይቀባል፦ ጭንቅላቷ፣ ግንባሯ፣ ከጆሮዋ ኋላ። ዓይንና አፍ ብቻ ይቀራል። እጇን ወደ አፏ እንዳታስገባ ስስ ካልሲ እጇ ላይ ያጥልቁላት። ጡት የሚያጠቧት ከሆነ ጡትዎን ከማጥባትዎ በፊት በደንብ ይታጠቡት፤ እሷ ጠብታ ከጨረሰች በኋላ መልሰው ይቀቡት። ነፍሰ ጡር ሴትም ፐርሜትሪን መጠቀም ትችላለች፤ ሐኪሟን አማክራ ቢሆን ይመረጣል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን በራስዎ ምንም አይቀቡ። ለእነሱ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የድኝ ቅባት ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ፐርሜትሪን ካልተገኘስ? የድኝ ቅባት ጥንታዊ ነው፤ ይሸታል፣ ልብስም ያበላሻል፤ ግን ይሠራል፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። በተከታታይ ለጥቂት ሌሊቶች መቀባት ይፈልጋል። ቤንዚል ቤንዞዌትም ይሠራል፤ ነገር ግን በተለይ የተላጠ ቆዳ ላይ በጣም ያቃጥላል። ለልጆች በውሃ መቅጠን አለበት፤ ለሕፃናት ግን እኔ አልመርጠውም። የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ነው። በሰውነት ክብደት ተሰልቶ፣ በኪሎ 200 ማይክሮ ግራም፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። እንቁላሉን ስለማይገድል እሱም ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። ክብደታቸው ከ15 ኪሎ በታች ለሆኑ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፤ የምታጠባ እናትም ሐኪም ሳታማክር አትውሰድ። ብዙ ሰው አንድ ላይ በሚኖርበት ቦታ ወይም ቅባቱን በሥርዓት መቀባት በማይቻልበት ቤት እሱ ይሻላል። ለከብት ተብሎ የተዘጋጀውን ግን በፍጹም አይውሰዱ፤ መጠኑ ለሰው የተሠራ አይደለም።

ነጭ ጋዝ ነገሩን በአጭሩ ልቁረጠው። አይሆንም። ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕፃን ከተነፈሰችው ወይም ከዋጠችው ሳንባዋን ይጎዳል፤ እሳት አጠገብ ደግሞ ይቀጣጠላል። የትኋንና የዝንብ መርጫ ሰውነት ላይ መንፋትም እንደዚያው ነው። ጎረቤትዎ በክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ። ግን እባክዎ አያድርጉት።

አንሶላ መቀቀሉ ሰልችቶኛል ብለዋል። መልካም ዜና አለኝ። በየቀኑ መቀቀል አያስፈልግም። ይህች ተባይ አትዘልም፣ አትበርም። ከሰው ቆዳ ከወጣች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አትኖርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ኬኔዝ ሜላንቢ የተባለ ብሪታኒያዊ ተመራማሪ በሼፊልድ ከተማ ፈቃደኛ ሰዎችን የእከክ ሕመምተኞች የተጠቀሙበትን ብርድ ልብስና የውስጥ ልብስ ሳይታጠብ እንዲጠቀሙበት አደረገ። የተያዙት በጣም ጥቂት ነበሩ። ከሕመምተኛ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት ግን አስያዘ። ዋናው መተላለፊያ የቆዳና የቆዳ ረዘም ያለ ንክኪ ነው፦ አብሮ መተኛት፣ ልጅ ማቀፍ፣ ግብረ ሥጋ ግንኙነት። ፈጠን ያለ ሰላምታ ብዙ አያሰጋም።

ስለዚህ የልብሱ ሥራ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ የተቀባችሁበት ማግስት ጠዋት፣ ከዚያም ከሁለተኛው ዙር በኋላ። ባለፉት 3 ቀናት የለበሳችሁትን፣ አንሶላውን፣ ፎጣውን በሙቅ ውሃ ያጥቡ፤ 60 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። መታጠብ የማይችለውን፣ ለምሳሌ የልጅ አሻንጉሊትና ካፖርት፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስረው ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡት። በቃ። ቤቱን መድኃኒት መርጨት፣ ፍራሽ መጣል፣ ግድግዳ ማጠብ አያስፈልግም። ያንን ጉልበትዎን ለቅባቱ ያውሉት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ነገር። በትክክል ታክማችሁም ማሳከኩ በማግስቱ አይጠፋም። ተባዮቹ ሞተው እንኳ ሬሳቸውና ኩሳቸው ቆዳው ውስጥ ስለሚቆይ እስከ 4 ሳምንት ሊያሳክክ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው በየሦስት ቀኑ ይቀባል። መድኃኒቱ ራሱ ቆዳውን ይቆጣዋል፤ ያ ደግሞ ሌላ ማሳከክ ያመጣል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ያቁሙ። ቆዳ የሚያለሰልስ ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡ፤ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳው ስለ ፀረ ማሳከክ ሽሮፕ ሐኪሙን ይጠይቁ። ብብትና ብልት አካባቢ የሚቀሩ ጠንካራ ቋጠሮዎች ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፤ እነሱም በሕይወት ያለ ተባይ አለ ማለት አይደሉም። ጥርጣሬ መግባት ያለበት አዲስ ቦይ ወይም አዲስ ሽፍታ ሲወጣ፣ ወይም ማሳከኩ ከ4 ሳምንት በኋላም ጭራሽ ሳይቀንስ ሲቀር ነው። ከተለያዩ አገሮች ፐርሜትሪን እንደ በፊቱ አልሠራም የሚሉ ሐኪሞች መኖራቸው እውነት ነው። በሥርዓት ሁለት ዙር ተቀብታችሁ ካልዳናችሁ ሐኪም መድኃኒቱን ይቀይር። እስካሁን ግን የእናንተ ቤት አንድም ጊዜ በሥርዓት አልታከመም።

ሐኪም ጋ ሳይዘገዩ የሚሄዱባቸው ምልክቶች አሉ። የታከከው ቦታ መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ከቀላና ከሞቀ፣ ልጁ ካተኮሰው፣ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል። በተለይ ፊቱ ካበጠ ወይም ሽንቱ ኮካ ኮላ መሳይ ጥቁር ቀለም ካመጣ በዚያው ቀን ይውሰዱት። በታከከ ቆዳ የሚገባ ባክቴሪያ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እከክን «ማሳከክ ብቻ ነው» ብዬ የማላልፈው ለዚህ ነው። ሌላው የሚያሰጋኝ ቅርፊታም እከክ ነው። አቅመ ደካማ አረጋውያንና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ላይ ይወጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ አንዳንዴ ብዙም አያሳክክም። በእነሱ ላይ ያሉት ተባዮች በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በልብስና በወንበር ጭምር ይተላለፋል፤ ቤት ውስጥ የሚታከምም አይደለም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ያሳዩ።

ልጁን ከመጀመሪያው ሌሊት ቅባት በኋላ በማግስቱ ትምህርት ቤት መላክ ይችላሉ። ለመምህሩ ግን ይንገሩ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው «ቆሻሻ ናቸው» ይለናል ብለው ይፈራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን በ2017 ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በማንኛውም ጊዜ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተያዙም ይገምታል። ብቻዎን አይደሉም። ዝም ካሉ ግን ልጁ ከጎረቤት ልጅ እንደገና ይዞ ይመጣል፤ ሁላችሁም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ስለዚህ ቅባቱን ከመግዛትዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ባለፉት ስድስት ሳምንታት ከልጆቹ ጋር የተኛ፣ ያቀፋቸው፣ ያጠባቸው ሰው ማን ማን ነው? አያታቸው? ሞግዚታቸው? ለዕረፍት መጥቶ አብሯቸው ያደረ የአክስት ልጅ? ስማቸውን ይጻፉና ዛሬውኑ ይደውሉላቸው። የሚቀቡበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ።